አስካለ የተመዘነችበት ቀን

እኔን ብሎ የዩኒቨርሲቲ ጥናት። ስሜን በአውራ ጣቴ የምፈርም ሴትዮ፣ ሀ እና ለ መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ሰላም የማይሉኝ ሴትዮ፣ የተማሩ ሰዎች ተወዳድረው ገንዘብ አሸንፈው ሊያጠኑ ሲመጡ መሀላቸው ጥልቅ ብዬ «እኔ ላስተባብር» አልኩ። ማን ጠራኝ? ማንም። አፌን ዘግቼ እንጨቴን ብሸከም ምን ነበረበት? ግን እኔ ከድሮም ሰው የተሰበሰበበት ካለ አንገቴን ሳላስገባ ማለፍ አልችልም፤ ለቅሶ ቤት እንኳን ሄጄ የድንኳኑን አተካከል አርሜ ነው የምመለሰው። ይሄን የማወራው እኔ የሺ ነኝ፣ የምትጽፈው ደሞ የልጅ ልጄ ሜሮን ናት፣ በስልኳ። «እማዬ፣ እንዳወራሽው ልጻፈው ወይስ ላስተካክለው?» ብላኝ ነበር። እንዳወራሁት ጻፊው፣ አንቺ ካስተካከልሽውማ የኔ ነው ብሎ ማን ያምነናል አልኳት።

ነገሩን የቀሰቀሰችውም እሷው ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። አንድ ቀን ከትምህርት መጣችና ቦርሳዋን ሳታወርድ ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። «እማዬ፣ ይቺን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?» ክፍላቸው ግድግዳ ላይ በመብራት የሚያሳዩት ነገር አለ አይደል፣ እሱን ነው ፎቶ ያነሳችው። ባህር ዛፍ አለ፣ ቀይ ጭቃ አለ፣ መሀል ላይ ወገቧን አጥፋ ሸክም የተሸከመች ሴት አለች። ፊቷ በደንብ አይታይም፣ ጥርሷ ብቻ ነው የሚታየው፣ እየሳቀች ነው። እኔ ግን ፊት አላስፈለገኝም። የቀኝ እግሯን ኮንጎ ጫማ አየሁት። ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ የተጠፈረ ነው። ያንን ሽቦ የጠፈርኩት እኔ ነኝ። አስካለ ናት። ከስሯ ቁጥር ተጽፏል። ሜሮን አነበበችልኝ፣ «አስተማሪያችን የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎች እስከዚህ ድረስ ይሸከሙ ነበር አለን፣ ክፍሉ ሁሉ ጉድ አለ» አለችኝ። ደስ የሚለኝ መስሏት። እኔ ስልኩን በፊቱ ጠረጴዛ ላይ ደፋሁት። ቁጥሩን እዚህ አልደግመውም፣ ውሸት ነው። ውሸቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አስካለ ወገቧ የተሰበረውም በዚያ ውሸት ነው። ይሄን ደሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ እኮ ጊዜው ሌላ ነው። ዳቦ በሰላሳ ሳንቲም፣ ሽንኩርት ኪሎው ብር ከሃምሳ፣ ኮንጎ ጫማ አምስት ብር። ዘይነባ፣ ጎረቤቴ፣ ዛሬም ግድግዳ የምንጋራው፣ በዚያች ሱቋ ረጅሙን ሳሙና በክር ቆርጣ ግማሹን ትሸጥልን ነበር። በክር ነው የምላችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በጥርሷና በእጇ ይዛ፣ ቢላ ያበላሸዋል ትላለች። የኛ ሴቶች አለባበስ ደሞ እንዲህ ነው፤ ከታች የሰልባጅ ሱሪ፣ በላዩ ጉርድ ቀሚስ፣ በላዩ ሹራብ፣ ወገብ ላይ ነጠላ። እንጨቱ እንዳይወጋን ጀርባችን ላይ ጆንያ አጥፈን እናስገባለን። ገና ሳይነጋጋ ከሰፈራችን ከፈረንሳይ ተነስተን ሽቅብ ነው፤ ኪዳነ ምሕረትን አልፈን፣ እንደ ቀኑ ሁኔታ እስከ ራጉኤል አካባቢ። የደን ጠባቂ ካገኘን እንሮጣለን፣ ከያዘን እንለማመጣለን፣ ገመዳችንን ከቀማን እንረግማለን። ከዚያ ቁልቁል። ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ አንድ ካሴት ሻጭ ነበር፣ ከበሮው ለእርምጃ የሚመች ዘፈን ያስጮሃል፤ ጎንበስ እንዳልን እግራችንን በእሱ ልክ እናነሳለን፣ ሰው ሲያየን ሰልፍ ይመስለዋል። አንድ ሸክም ሾላ ገበያ አስር ብር፣ ዕድል ካለሽ አስራ ሁለት። አሁን ያ ሁሉ አጥር ነው፣ መናፈሻ ነው፣ ትኬት ነው። ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ወጥተው ደክሟቸው ይመለሳሉ። እኛ በላብ የወረድነውን መንገድ ሰው ራሱን ሊያደክም ከፍሎ ይወጣዋል ብል ያን ጊዜ አስካለ ታብጃለሽ ትለኝ ነበር።

ስለ ሸክሙ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ የኋላው አይገባችሁም። እንጨት ሻጭ ሁሉ ያታልላል። እኛ የምናታልለው በቅጠል ነው። መሀሉ ላይ ቅጠልና ጭራሮ እንጠቀጥቅና ዙሪያውን በደህና እንጨት እንሸፍነዋለን። ሲያዩት ግዙፍ ነው፣ ጀርባ ላይ ግን ይቀላል። ገዢዋ ቤቷ ወስዳ ስትፈታው ትረግመናለች፣ በማግስቱ ደሞ መጥታ ትገዛለች። እኔ በዚህ አንደኛ ነበርኩ። የኔ ሸክም ከሩቅ ሲታይ ቤት የሚጓዝ ይመስላል። አስካለ ግን እንቢ አለች። ቅጠሉን ለብቻ፣ እንጨቱን ለብቻ ነው የምታስረው። ከገጠር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ስቀልድባት ዘግይታ ነው የምትስቀው፤ ሌላው ስቆ ከጨረሰ በኋላ፣ ነገሩ እየገባት ሲሄድ፣ ለብቻዋ። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራት። «መስከረም ሲጠባ ገመዱን እጥላለሁ» ትላለች። ዘይነባ ግድግዳ ስር ጉሊት ቁጭ ብላ ሽንኩርትና ቃሪያ ልትሸጥ። ጆንያውን ሁሉ አዘጋጅታለች። «ቀጥ ብዬ ቁጭ እላለሁ፣ የሺ። ሰው ፊት ለፊት አያለሁ» ትለኝ ነበር። አስር ዓመት መሬት እያየች የሄደች ሴት የምትመኘው ይሄንን ነው።

መምህርት ራሄል የምትባል ልጅ ደሞ ዘይነባ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ቀጭን፣ ጂንስ ሱሪ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፤ በዚያ ጭቃ ነጭ ጫማ የምታደርገው እሷ ብቻ ናት፣ ማታ ማታ በጥርስ ብሩሽ ታጥበዋለች። ሁልጊዜ ትስላለች። ቆመን ሸክማችንን ግድግዳው ላይ ስናሳርፍ ትመጣና ታዋየናለች። አንድ ቀን ሳቅ በሳቅ ሆና መጣች። ዩኒቨርሲቲው ለገዛ አስተማሪዎቹ የሚሰጠው ገንዘብ አለ አለችን። ወረቀት ጽፈው ይወዳደራሉ፣ ኮሚቴ ያያል፣ ያሸነፈው ያጠናል። ሌላም አለ፣ ለማስተማሪያ የሚሆን ዘመናዊ ዕቃ ለክፍሉ ይገዛለታል። እሷ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ጠይቃ ሁለቱንም ሰጧት።

«ምን ልታጠኚበት ነው?» አልኳት።

«እናንተን ነዋ፣ እትዬ የሺ። ሸክሙ ወገባችሁን፣ ጉልበታችሁን ምን እንደሚያደርገው።»

«እሱን ዩኒቨርሲቲው ያላወቀው ነው? በነፃ እነግርሽ ነበር።»

«በቁጥር ነው የሚፈልጉት።»

«ዕቃውስ?»

ምስል ግድግዳ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ነው አለች። ክፍሏ ውስጥ ተማሪው እስከ በሩ ነው፣ ኋላ ያለው አይሰማም፣ እሷ በጠመኔ አቧራ ደረቷ አልቋል። ሳሉ ለካ የጠመኔ ነው። «መሣሪያው ከመጣ መጀመሪያ የማሳያቸው እናንተን ነው» አለች። ገንዘቡ ግን ሰኔ ሳያልቅ ሥራው ካልተሠራ ወደ መጣበት ይመለሳል። ያን ጊዜ ግንቦት አጋማሽ ነው። ልጅቷ ራሷ እንደኛ ከጠባቂ የምትሮጥ ትመስል ነበር።

ወረቀት አመጣችና አንድ በአንድ አነበበችልን። «ይሄ ስምምነት ነው። መሳተፍ ካልፈለጉ እንቢ ማለት ይችላሉ፣ እትዬ የሺ።»

«እንቢ ብል ምን ታደርጊኛለሽ?»

«ምንም።»

«እሺ ብልስ?»

«እሱም… በቀጥታ የሚሰጥ ነገር የለም። ጥናቱ ግን ለሚመለከታቸው ይቀርባል።»

ይሄን ቃል ነው እኔ የያዝኩት። ይቀርባል። አስካለ ጣቷን ቀለም ነክራ ስትፈርም የእኔ ጭንቅላት ሌላ ቦታ ነበር። እኛ መቼም መዝጋቢ ሲመጣ አዲስ አይደለንም። ከቀበሌ መጡ ሲባል ደህናው ብርጭቆ አልጋ ስር ይገባል፣ ሬዲዮኑ ዘይነባ ቤት ያድራል፣ የእሷ ልጆች ደሞ ለአንድ ቀን የእኔ ልጆች ይሆናሉ። የባሰበት ነው የሚጻፈው፣ የተጻፈው ነው የሚረዳው። እኛ የምናውቀው ይሄን ነው። ራሄል ውሃ ልታመጣ ስትገባ ሴቶቹን ሰበሰብኩና፣ «ስሙ፣ እስከ ዛሬ ለገበያ ነበር ያታለልነው፣ አሁን ለሚዛን ነው። ቅጠሉን አውጡ፣ እርጥብ ግንድ ክተቱ። ከባድ ከሆነ ያዝኑልናል፣ ሌላ ሥራ ይሰጡናል» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ገባቸው። እርጥብ ባህር ዛፍ መቼም ድንጋይ ነው። አስካለ ብቻ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ የምሸከመውን ነው የምሸከመው» አለች። ሁላችን ከብደን አንቺ ከቀለልሽ ታስነቂብናለሽ አልኳት። «እንግዲህ ቀለልኩ» አለችኝ።

የሚዛኑ ቀን ሰኔ ውስጥ ነው። ጾም ነው፣ ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፣ መሬቱ ሳሙና ሆኗል። ራሄል ከኪዳነ ምሕረት ትንሽ ወረድ ብሎ ካለ ዛፍ ላይ መንጠቆ ያለው ሚዛን አንጠልጥላ፣ ደብተሯን በላስቲክ ሸፍና ትጠብቀናለች። ሰነፍ ተማሪ እንኳን አክብሮ የሚጠብቃት ልጅ እኛን ቆማ ትጠብቃለች፣ ነጭ ጫማዋ በዚያ ቀን ቀይ ሆኗል። እኛ ከላይ አስረን ጨርሰናል። አስካለ ሸክሟን አስቀምጣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ልትሳለም ሄደች። እሷ ስትሳለም ትቆያለች፣ ቅዱሳኑን አንድ በአንድ ነው የምትጠራው። ያን ጊዜ ነው ሰይጣኔ የመጣው። ሰይጣን እላለሁ እንጂ እየሳቅኩ ነው የሠራሁት። ገመዷን ፈታሁ፣ መሀሉን ከፈትኩ፣ ለራሴ ቆርጬው የከበደኝን እርጥብ ግንድ፣ የሰው ጭን የሚያህል፣ አስገባሁና መልሼ በእሷ አስተሳሰር አሰርኩት። የእሷን ቋጠሮ አውቀዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ነው የምትጠመዝዘው። የኔ ሸክም እንዲያው ሳይከብደኝ ቀረ።

ተመልሳ መጣች። ወገቧን ይዤ አነሳኋት። አንዴ ተንገዳገደች።

«የሺ፣ ዛሬ ከበደኝ።»

«ባዶ ሆድሽን ነዋ። ጾም ይዞሽ ነው።»

«ይሆናል» አለች። አመነችኝ።

ራሄል ስትመዝናት ሁለት ጊዜ መዘነቻት። ከሁላችንም እሷ በለጠች። «አስካለ፣ ይሄን በየቀኑ ነው የሚሸከሙት?» አለቻት። አስካለ «አዎ፣ እንደዚሁ ነው» አለች፤ አልዋሸችም፣ እንደሁልጊዜው መስሏታል። ራሄል «ከሁሉም እርስዎ ነዎት ጠንካራ» አለቻት። ያን ጊዜ አስካለ ሳቀች። ዘግይታ ሳይሆን ወዲያው። በሕይወቷ አንደኛ ወጥታ አታውቅም። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው። ያ ጥርስ የዚያ ሳቅ ነው።

ቁልቁለቱን ግማሽ እንደወረድን፣ መንገዱ ወደ ፈፋው በሚጠመዘዝበት ላይ፣ ከፊቴ እግሯ ከዳት። አልጮኸችም። ቁጭ ነው ያለችው፣ ሸክሙ ከላይ እንዳለ። አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ጭራሮ ሲሰበር ዓይነት፣ እንጨቱ ነው ብዬ ነበር። የራሴን ጥዬ ሮጥኩ። ደረቷ ላይ ያለውን ገመድ በማጭዴ ቆረጥኩት። አሁን የምናገረውን ሜሮን ስትጽፈው እጇ ቆሟል፣ ጻፊው ብያታለሁ። መጀመሪያ ያነሳሁት አስካለን አይደለም። ግንዱን ነው። ጎትቼ አወጣሁትና ወደ ፈፋው አንከባለልኩት፣ ራሄል ከኋላ እየመጣች ስለነበር። ከዚያ ወደ አስካለ ዞርኩ። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን ወደ ሰማይ ነው የምታየው፣ እኔን አላየችም። «እግሬ የት አለ?» አለችኝ። እግሯ እዚያው ነበር፣ ኮንጎው ከሽቦው ጋር።

ጤና ጣቢያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካት፣ ሆስፒታሉ ደሞ ራጅና ሕክምና አለ፣ እሱ ደሞ ገንዘብ ነው። ራሄል የመጀመሪያውን ራጅ ከደሞዟ ከፈለች። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ጋ ሮጠች። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ ያ ምስል የሚያሳየው መሣሪያ ይቅርና ገንዘቡ አስካለን ያሳክም። ተመልሳ የመጣች ቀን ዘይነባ ደጃፍ ቁጭ ብለን ጠበቅናት።

«ምን አሉሽ?» አለቻት ዘይነባ።

«ለዕቃ የተፈቀደ ለሕክምና አይዛወርም አሉኝ። ኮሚቴው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚሰበሰበው።»

«እስከዚያ ሴትዮዋ ምን ትሁን?»

«ዕቃውን ካልተረከብኩት ደሞ ገንዘቡ ይመለሳል። ለማንም አይሆንም።»

«እና?»

«ፈረምኩ» አለች ራሄል። «ተረከብኩት።»

የመሣሪያው ካርቶን አንድ ሌሊት እሷ ክፍል አድሮ ነበር፤ በር ክፍት ሲሆን አልጋዋ ላይ ተቀምጦ ይታያል፣ እሷ መሬት ላይ ናት። አስካለን ወጌሻ አሻት፣ ጠበል ወሰድናት፣ ተሸክመን አመጣናት። መስከረም ጠባ። ገመዱን ጣለች፣ ያለችውን አደረገች፣ ጉሊቷም ተከፈተ። ግን ቀጥ ብላ አልተቀመጠችም። ወገቧ ከሸክሙ ጋር እንደታጠፈ ቀረ፣ ሸክሙ ወርዶ እንኳን አልተቃናም። ሽንኩርቱን መሬት መሬት እያየች ነው የሸጠችው። ገዢውን የምታውቀው በጫማው ነው።

የጥናቱ ውጤት የሚቀርብ ቀን ራሄል ታክሲ ከፍላ ወሰደችኝ። አስካለም ተጠርታ ነበር፣ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም። ከረባት ያሰሩ ሰዎች ሞልተዋል፣ የታሸገ ውሃ ፊታቸው ተደርድሯል፣ መብራቱ ጠፋ። ግድግዳው ላይ አስካለ ወጣች። ከበር የምትበልጥ፣ ጥርሷ ብቻ የዘይነባን ሱቅ መስኮት የሚያህል። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። አንድ ሽማግሌ ተነሳና፣ «ይሄ ቁጥር አልበዛም? ሴት ልጅ ይሄን ትሸከማለች?» አለ። ጥሩ ሰው ነበር፣ እግዜር ነው ያስነሳው። ራሄል ግራ ተጋብታ ወደኔ ዞረች። «እትዬ የሺ እዚህ አሉ፣ አብረዋት ነበሩ። እርስዎ ይንገሯቸው።» ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሕይወቴን ሙሉ ሰው መሀል አንገቴን ሳስገባ ኖሬ፣ ያን ቀን የምገባበት ጠፋኝ። ራሄል ስትስል ሰማኋት። ይቺ ልጅ ልትሰቀል ነው አልኩ በሆዴ፣ በእውነቱ ግን የፈራሁት ለራሴ ነው። «እውነት ነው ጌታዬ፣ ያሸከምኳት እኔው ራሴ ነኝ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የታሸገ ውሃም ሰጡኝ። ለአስካለ ይዤላት ሄድኩ፣ በብርጭቆ ቀድቼ አጠጣኋት።

ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት አለፈ። ራሄል ቤት ለቀቀች፣ አደገች፣ ትልቅ ሆነች። ዳቦው ብር ሆነ፣ ሁለት ብር ሆነ፣ አሁን ዋጋውን ስሰማ ልጆቹ የሚቀልዱብኝ ይመስለኛል። ካሴት ሻጩ መጀመሪያ ሲዲ ሻጭ ሆነ፣ ከዚያ ስልክ ሠሪ ሆነ፣ ከዚያ ሱቁ ፈረሰ። እኔ በየቀኑ አስካለ ጋ እሄዳለሁ፣ ምሳዋን አደርሳለሁ፣ ልብሷን አጥባለሁ። ሰው «የሺ እንዴት ያለች ጓደኛ ናት» ይላል፣ እኔ እቀልዳለሁ። እሷ ግን አንዳንዴ፣ በተለይ ዝናብ ሲመጣና ወገቧ ሲነሳባት፣ ሽንኩርቱን እያገላበጠች ትጠይቀኛለች። «የሺ፣ ሁልጊዜ የምሸከመው ሸክም ነበር እኮ። ምን ነክቶኝ ነው የወደቅሁት?» እኔም አንዴ ጭቃው ነው እላታለሁ፣ አንዴ ጾሙ፣ አንዴ ቡዳ በልቶሽ ነው እላታለሁ። ትስቃለች፣ ዘግይታ። ከዚያ ደሞ፣ «እኔ ነኝ ሰነፍ። አንደኛ ነሽ ብትለኝ ኩራት ያዘኝ፣ እግሬን ሳላይ ሄድኩ» ትላለች። ያለፈው ክረምት ሞተች። ስንገንዛት እንኳን አልተቃናችም፣ በጎኗ አስተኝተን ነው ሳጥኑ ውስጥ ያስገባናት። ያን ጊዜም አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል ብዬ ዋጥኩት።

እንግዲህ ሜሮን ያንን ፎቶ ያመጣችው አስካለ ከሞተች በኋላ ነው። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ያቺ ሴት በውሸት ቁጥር ስር ግድግዳ ላይ ስትስቅ ልትኖር ነው። ለሜሮን ነገርኳት። አላቀፈችኝም፣ አልተቆጣችኝም። «ፕሮፌሰር ራሄል እኛ ጋ አሁንም አለች። ልውሰድሽ?» ብቻ አለችኝ። ወሰደችኝ። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ጉልበቴ መንገድ ላይ ቀረ። ራሄል ጸጉሯ ሸብቷል፣ ሳሉ ለቋታል። ሳመችኝ፣ ሻይ አዘዘችልኝ። ሻዩ ሳይመጣ ተናገርኩ። ግንዱን፣ ቋጠሮውን፣ ፈፋውን። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሌሎቹስ ሴቶች?» አለች።

«ሁሉም እርጥብ ግንድ ከተው ነበር። ሳታውቅ የተሸከመችው አስካለ ብቻ ናት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«በዚያ ጥናት ነው ማዕረግ ያገኘሁት፣ እትዬ የሺ። ቁጥሩን ከኔ የወሰዱ አሉ፣ ከነሱ ደሞ ሌሎች ወስደዋል። ሄጄ ልሰበስበው አልችልም።» ቀጥላ፣ «እርስዎን እኮ ሰው ሁሉ ፊት ጠይቄዎት ነበር» አለች። አዎ አልኳት። እጽፈዋለሁ፣ ስህተት ነበር ብዬ እጽፋለሁ አለችኝ። አልጮኸችብኝም። ሻዩን ጠጣሁ፣ ስኳሩ በዝቶበት ነበር።

ስመለስ ግን ሰውነቴ ቅልል ብሎኛል። ሾላ ወርጄ ቃሪያ ገዛሁ፣ ሻጩ ላይ አሾፍኩ። ሰፈር ስደርስ ዘይነባ ደጃፏ ወንበሯ ላይ ናት፣ ያ የአስካለ ጉሊት የነበረበት ግድግዳ አጠገብ፤ የጆንያው ምልክት ዛሬም ሲሚንቶው ላይ አለ። ለእሷም ሁሉንም ነገርኳት። በደንብ አድርጌ ነው የነገርኳት፣ የፎቁን ደረጃ ጨምሬ፣ የሻዩን ስኳር ጨምሬ። «ይኸው ለራሄል ተናገርኩ፣ ቀለለኝ» አልኳት። ዘይነባ የሻሿን ጫፍ አስተካከለችና ግድግዳውን እያየች፣

«ራሄል የጠየቀችሽ አንዴ ነው» አለችኝ። «በየክረምቱ የጠየቀችሽ አስካለ ነበረች።»